የመሐንዲሱ ፊርማ፤ ከኮሜት እስከ ቱሉ ፈራ

ይህ መጽሔት የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነው። ግጥምና አጭር ልብ ወለድ የለመደ አንባቢ ገጹን ገልጦ ስለ አይሮፕላን ብረትና ስለ ጎማ ቀለበት ሲያገኝ፣ «እንዴ! እነዚህ ልጆች መንገድ ስተው ነው የመጡት?» ማለቱ አይቀርም። አልሳትንም። ታሪክ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ሥራም ታሪክ አለው። ከሥራዎች ሁሉ ደግሞ ወረቀት ላይ የምትጣል አንዲት ፊርማ የብዙ ሰው ነፍስ የምትሸከምበት ሥራ ቢኖር፣ አይሮፕላንና መንኮራኩር የሚሠራው መሐንዲስ ሥራ ነው። ይኸንን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው እኛም ነገ ከነገ ወዲያ ፈራሚዎች ስለምንሆን ነው።

የውጭውን አገር ታሪክ የምንተርከው በነሱው አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን በአገራችን።

፩

ለመሆኑ ይህ መሐንዲስ የሚባለው ሰው ምን ይሠራል? አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ አንሥተን ነበር። አንዱ «አይሮፕላን ያበራል» አለ። ሌላው «የለም፣ ሲበላሽ ይጠግናል» ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ «ሥዕሉን ይሥላል፤ ሌላው ይሠራዋል» አለና ተኛ። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው፤ ሙሉው ግን ከሦስቱም ውጭ ነው።

አይሮፕላን ሰው ከመጫኑ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው የመሐንዲሱ ሥራ የሚጀምረው። አንዱ የክንፉን ቅርጽ ከነፋስ ጋር ያስማማል፤ ሞዴሉንም ሠርቶ ነፋስ በሚነፍስበት ዋሻ ውስጥ ይፈትነዋል። ሌላው ብረቱ የቱ ጋ እንደሚወጠርና የቱ ጋ እንደሚጨመቅ ያሰላል። አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ የመሪውን ገመድና ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሌላው ደግሞ ሥራው መጠራጠር ብቻ ነው፤ ጓደኞቹ የሠሩትን እየወሰደ ይጎትታል፣ ያጣምማል፣ ያቀዘቅዛል፣ በመጨረሻም ይሰብራል። በስንተኛው እንደተሰበረ ይጽፋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወረቀት ይቀርባል። «ይህ ነገር ሰው ቢጭን አያሰጋም» ይላል ወረቀቱ። ከግርጌው የፊርማ ቦታ አለ።

እዚህ ላይ ሥራውን ከሌላው ምሕንድስና የሚለየውን ነገር እንናገር። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ በስሌቱ ላይ ጥርጣሬ ቢገባው መድኃኒት አለው፤ ብረት ይጨምራል፣ ምሰሶውን ያወፍራል። ድልድዩ ቢከብድ ማን ይቆጣዋል? መሬቱ ይሸከመዋል። አይሮፕላን የሚሠራው ግን ይህ መሸሸጊያ የለውም። የጨመረውን እያንዳንዱን ኪሎ ሞተሩ ተሸክሞት መውጣት አለበት። ስለዚህ የአይሮፕላን ደንብ ክንፉ በዘመኑ ይገጥመዋል ከሚባለው ከባድ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ፣ 1.5፣ እንዲችል ነው የሚጠይቀው። ቀሪው ግማሽ ብቻ ነው የጥንቃቄው ሕዳግ። በዚያች ግማሽ ውስጥ የፋብሪካ ጉድለትም፣ ያልታሰበ ነፋስም፣ የመሐንዲሱ አለማወቅም ተጨናንቀው ያድራሉ።

እንግዲህ ሌላው አለማወቁን በብረት ሊሸፍን ይችላል። ይኼኛው ግን አለማወቁን የሚሸፍንበት ነገር ስለሌለው ማወቅ ይገባዋል፤ ካላወቀም «አላውቅም» ማለት ይገባዋል። የሥራው ኃላፊነት ሁሉ ከዚህ ነው የሚፈልቀው። ከዚህ በታች የምንተርካቸው ሦስት ታሪኮችም ይህችው ቃል በጊዜዋ ባለመነገሯ፣ ወይም ተነግራ ባለመሰማቷ የመጡ ናቸው።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ደግሞ ተሳስቷል። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ሉድቪግ ዌበር የሚባል ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰው የምትጭን አይሮፕላን ሠርቶ አበረረ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ወራሪው ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት፤ ከ80 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆይታ ጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። እሷን ለማየት የሚሄድ ሁሉ ስለ ምርኮዋ ያስባል፤ ደግ ነው። እኛ ግን ሌላም ነገር አሰብን። የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባበት፣ ዕቃ ሁሉ በጠፋበት በዚያ ጊዜ፣ አንድ ሰው መጀመሪያ ከመነሣቷ በፊት እያንዳንዷን መገጣጠሚያ በእጁ ዳስሶ «ትችላለች» ማለት ነበረበት። ሥራው ያኔም ይኸው ነበር።

፪

በ1949 ሐምሌ 27 ቀን እንግሊዞች ኮሜት የሚባለውን አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አበረሩ። የሠራው ዴ ሃቪላንድ የተባለው ኩባንያ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነበር። ግንቦት 2 ቀን 1952 መንገደኛ ጭኖ ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ ተነሣ፤ በመንገዱም ካርቱምና ኢንቴቤ እያረፈ፣ በጎረቤታችን ሰማይ አለፈ። የቀድሞዎቹ ባለ ዘንግ አይሮፕላኖች እየተንቀጠቀጡና እየተናወጡ ዳመና ውስጥ ሲዳክሩ፣ ይኸኛው ከዳመና በላይ ጸጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ዓለም ጉድ አለ።

ከዳመና በላይ ለመሄድ ግን ዋጋ አለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰው መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ የአይሮፕላኑ ሆድ እንደ ኳስ ይነፋል። ሲወጣ ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል፤ ሲወጣ ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል። ቆዳው ቀጭን አሉሚንየም ነው።

ጥር 10 ቀን 1954 አንድ ኮሜት ከሮም ተነሥቶ ኤልባ ከምትባለው ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታተነ። 35 ሰው አለቀ። አይሮፕላኖቹ ወዲያው ከበረራ ታገዱ። መሐንዲሶቹ ተሰብስበው፣ ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን? መሪው ተሰብሮ ይሆን? እያሉ የጠረጠሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አሻሻሉ። ከዚያም መጋቢት 23 ቀን እንደገና እንዲበሩ ተፈቀደ። አሥራ ስድስት ቀን ቆየ። ሚያዝያ 8 ቀን ሌላ ኮሜት ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ ኔፕልስ አጠገብ ባሕር ውስጥ ገባ። 21 ሰው ሞተ።

አሁን ልብ እንበል። ከሁለቱ አደጋዎች መካከል መሐንዲሶቹ ሰነፉ የሚል የለም፤ ሌት ተቀን ሠርተዋል። ግን ያደረጉት የመሰላቸውን ሁሉ መጠገን ነበር። ምን እንደገደለ ሳያውቁ መድኃኒት ሰጡ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፋርንቦሮ ለሚገኘው የመንግሥት የአይሮፕላን ምርምር ጣቢያና ለኃላፊው ለአርኖልድ ሆል ተሰጠ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከኤልባ ባሕር ሥር ስብርባሪውን እየለቀመ አወጣ። ፋርንቦሮ ላይ በእንጨት ማቀፊያ እያያያዙ እንደ ተሰበረ ሸክላ መልሰው ገጣጠሙት። የሟቾቹን አስከሬን የመረመሩት የጣሊያን ሐኪሞች ደግሞ ሳንባቸው የተጎዳው አየሩ ድንገት ከሆዱ ፈንድቶ ስለወጣ መሆኑን አይተው ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ገንዳው ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ደኅና ኮሜት ወስደው ሆዱን በትልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ከተቱት፤ ክንፎቹ ብቻ ወደ ውጭ ወጡ። ገንዳውንም የአይሮፕላኑንም ሆድ ውሃ ሞሉት። ለምን አየር ሳይሆን ውሃ? አየር ሲጨመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቆዳው ቢቀደድ እንደ ቦምብ ይፈነዳል፣ የተቀደደበትም ቦታ አይታወቅም። ውሃ ግን አይጨመቅም፤ ስንጥቁ ሲመጣ ግፊቱ ወዲያው ይረግባል፣ ቁስሉም ሳይበላሽ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ውሃውን በፓምፕ እየገፉና እየለቀቁ፣ ክንፎቹንም በማንሻ እያወዛወዙ፣ የሰዓታቱን በረራ በጥቂት ደቂቃ እያስቆጠሩ ቀንና ሌሊት አስኬዱት። አይሮፕላኑ ቀድሞ የበረረውና ገንዳው ውስጥ ያገኘው በአንድ ላይ ተደምሮ 3,057 ሲደርስ ሆዱ ተቀደደ። ቅዳጁ የተነሣው ከአንድ ክፍተት ጥግ ነበር። ከኤልባ የወጣውም ስብርባሪ ጣሪያው ላይ ካለችው የሬዲዮ አንቴና መስኮት ጥግ ላይ ያንኑ ምልክት አሳየ።

ገዳዩ የብረት ድካም ነበር። ይኸንን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። ሽቦ መቁረጥ ፈልገን ፒንሳ ስናጣ ምን እናደርጋለን? ወዲያ ወዲህ እናጣጥፈዋለን። አንድ ጊዜ ብናጥፈው አይሰበርም፤ ሁለቴም አይሰበርም። ሃያኛው ላይ፣ ከመጀመሪያው ባልበለጠ ጉልበት፣ ቀጭ ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ማለት ነው። በቀዳዳና በመስኮት ጥግ ላይ ደግሞ ውጥረቱ ይከማቻል፤ መሐንዲሶቹ ካሰቡት በላይ ተከማችቶ ነበር።

ታዲያ ኩባንያው ሳይፈትን ነው እንዴ የሠራው? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ልብ የሚነካው። ፈትኗል! እንዲያውም ደንቡ ካዘዘው ግፊት በላይ ፈትኗል። አንድ የሆዱን ክፍል ወስዶ ከተለመደው ግፊት እጥፍ አድርሶ ነፋው፤ ቻለ። ቀጥሎ ያንኑ ክፍል ለድካም ፈተና አቀረበው፤ ወደ 18,000 ጊዜ ያህል ቻለ። ኤልባ ላይ የወደቀው ግን የበረረው 1,290 ጊዜ ብቻ ነው፤ ኔፕልስ ላይ የወደቀው ደግሞ 900። ምን ሆነ? ያ የመጀመሪያው ከባድ ግፊት በመስኮቶቹ ጥግ ያለውን ብረት በጥቂቱ ለጥጦ አጠንክሮት ነበር። የተፈተነው ብረት በፈተናው ራሱ ከወንድሞቹ ይልቅ ጠነከረ። መንገደኛ የጫኑት ኮሜቶች ያን ማጠንከሪያ አላገኙም። ስለዚህ የፈተናው ወረቀት እውነት ይናገር ነበር፤ ግን ስለ ሌላ ብረት ነበር የሚናገረው።

በኮሜት ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልገን አላገኘንም። ያልታወቀ ነገር ነበር፤ አለማወቃቸውንም አላወቁትም። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ለሙያው ክብር ሆነ። ምርመራው በአደባባይ ተሰማ፤ የተገኘውም እውቀት ለተወዳዳሪዎች ሳይቀር ተገለጠ። አሜሪካኖቹ ከዚህ ተምረው ጄቶቻቸውን ሠሩ፤ ኮሜት ራሱም ታድሶ በ1958 አትላንቲክን ማቋረጥ ጀመረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ የተረከባቸው ቦይንግ 720 ጄቶች ከዚያው እውቀት የተካፈሉ ናቸው። ያን ጊዜ ከቦሌ ጄት ተሳፍሮ የሄደ ወላጅ ሁሉ ያቺን የውሃ ገንዳ ሳያውቃት ባለ ዕዳዋ ነበር።

፫

ሁለተኛው ታሪክ አጭር ነው፤ አንድ ሌሊት ነው።

ጥር 27 ቀን 1986 ማታ በአሜሪካ መሐንዲሶች በስልክ ተሰብስበው ይከራከራሉ። በማግስቱ ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ሰዎች ይዛ ልትወነጨፍ ነው። ከሰባቱ አንዷ አስተማሪ ናት። ክርክሩ ስለ ጎማ ነው። መንኮራኩሯን የሚገፉት ሮኬቶች በክፍል በክፍል የተገጣጠሙ ናቸው፤ በየመገጣጠሚያው እሳቱ እንዳያመልጥ የጎማ ቀለበት ታስሯል። ጎማ በብርድ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ክፍተቱን ቶሎ አይሞላም። ያቺ ሌሊት ደግሞ ለፍሎሪዳ እንግዳ የሆነ ውርጭ ነበረባት።

ሮጀር ቦይዝጆሊ የሚባለው መሐንዲስ ነገሩን ያወቀው ያን ማታ አይደለም። ከስድስት ወር በፊት፣ ሐምሌ 31 ቀን 1985፣ ለአለቆቹ በጽሑፍ አመልክቶ ነበር። ይህ መገጣጠሚያ ካልተስተካከለ የሰው ሕይወት ይጠፋል ብሎ። ቀደም ባሉት በረራዎች ቀለበቶቹ በእሳት ተበልተው ተመልሰዋል። ግን ተመልሰዋል! ቀለበቱ እየተበላ መንኮራኩሯ በደኅና በተመለሰች ቁጥር፣ መበላቱ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ልማድ ተቆጠረ። ያ የጥንቃቄ ሕዳግ እንዲህ ነው በጥቂት በጥቂቱ የሚበላው።

በስልክ ስብሰባው ላይ መሐንዲሶቹ ቀድሞ ከተሞከረው ብርድ፣ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ አይወንጨፍ አሉ። የናሳ ኃላፊዎች ደስ አላላቸውም። የኩባንያው አለቆች ስልኩን ዘግተው ለብቻቸው መከሩ። ከአለቆቹ አንዱ ለምሕንድስናው ኃላፊ፣ የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቅና የአስተዳዳሪነቱን አድርግ አለው። አደረገ። ስልኩ ተከፈተና «ይወንጨፍ» ተባለ። በፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ ግን አልፈርምም አለ። ሌላ ሰው ፈረመ።

በማግስቱ ጧት፣ ብርዱ ወደ 2 ዲግሪ ሲሆን፣ ቻሌንጀር ተነሣች። 73 ሰከንድ በረረች።

በኮሜት ጊዜ የጎደለው እውቀት ነበር። እዚህ እውቀቱ ሞልቷል፤ የጎደለው ጆሮ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ግራ ያጋባናል። ያን ማታ መሐንዲሶቹ ይወድቃል የሚለውን በማስረጃ አሳዩ ተባሉ። የጥንቱ ደንብ ግን ተቃራኒው ነበር፤ አይወድቅም የሚለው ነው ማስረጃ የሚያቀርበው። የማስረዳት ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲዞር ድምፅ እንኳ አላሰማም።

፬

ሦስተኛው ታሪክ የኛ ነው። ለመጻፍም ከብዶን ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አይሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ የሚባለው አዲስ ዓይነት ነው። ካፒቴኑ ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ፣ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር፤ ከኛ በዕድሜ ብዙም የማይርቁ። ስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ቱሉ ፈራ በተባለው መንደር እርሻ ላይ ወደቀ። ከ30 በላይ አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። የአካባቢው ገበሬ የማያውቀውን ሰው እንደ ገዛ ዘመዱ ቆሞ አለቀሰ።

ከዚያ 132 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የዚያው ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ጃቫ ባሕር ገብቶ 189 ሰው ሞቶ ነበር። በኮሜት ታሪክ ሁለተኛው አደጋ የመጣው በስንት ጊዜ እንደሆነ አንባቢ ያስታውሳል። ግን ልዩነት አለ፤ ያኔ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 737 መጀመሪያ የበረረው በ1967 ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ። በ2010 መጨረሻ ተወዳዳሪው ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ትልቅ ሞተር ያለው አይሮፕላን እሠራለሁ ሲል ቦይንግ ተቻኮለ። አዲስ አይሮፕላን ከመሥራት ይልቅ በ2011 የጥንቱን 737 በትልቅ ሞተር ለማደስ ወሰነ። ትልቁ ሞተር ክንፉ ሥር ስለማይበቃው ወደ ፊትና ወደ ላይ ተደርጎ ተሰቀለ። በዚህ ምክንያት አፍንጫው በጣም ቀና በሚልበት ጊዜ የአይሮፕላኑ ጠባይ ተለወጠ። ጠባዩን ለማረም ኤምካስ የሚባል የኮምፒዩተር ትእዛዝ ተጨመረ፤ አፍንጫው በዛ ብሎ ቀና ያለ ሲመስለው የኋላውን ጭራ እያዞረ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል።

ኤምካስ አፍንጫው ቀና ማለቱን የሚያውቀው ከምንድን ነው? ከአፍንጫው ጎን ካለች ከአንዲት ነፋስ አመልካች ክንፍ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ናቸው፤ ኤምካስ ግን በአንድ በረራ አንዷን ብቻ ነበር የሚሰማ። የሚደፋውም ልክ መጀመሪያ 0.6 ዲግሪ ነበር፤ ኋላ በሙከራ ጊዜ 2.5 ሆነ። ደጋግሞም መሥራት ይችላል። አብራሪዎች ቢሳሳትባቸው በአራት ሰከንድ ይገባቸዋል፣ ያርሙታል ተብሎ ታሰበ። የኩባንያው የራሱ የሙከራ አብራሪ ግን በ2012 በሲሙሌተር ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ነበር። በ2015 ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ፣ ይህ ነገር በአንዲት መሣሪያ ብልሽት ብቻ አይጋለጥም ወይ? ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ከጥያቄነት አላለፈም።

ለምን አላለፈም? ለአንድ ትልቅ ደንበኛ፣ አብራሪዎቹ አዲስ የሲሙሌተር ትምህርት የሚያስፈልጋቸው ከሆነ በያንዳንዱ አይሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀነስለት ቃል ተገብቶ ነበር። ስለ ኤምካስ ብዙ ማውራት ትምህርት ይጠይቃል፤ ትምህርት ደግሞ ገንዘብ። ስለዚህ የኤምካስ ነገር በአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሳይገለጥ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ፣ በ2018 መጨረሻ፣ የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህ ነገር ካልተስተካከለ በአይሮፕላኖቹ ዕድሜ ልክ 15 ያህል ከባድ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል በራሱ ስሌት ደርሶበት ነበር። አይሮፕላኖቹ ግን መብረር አላቆሙም። ማስተካከያው እስኪደርስ አብራሪዎች ይጠንቀቁ ተባለ። ያሬድና አሕመድኑር ያን ጧት የግራዋ ክንፍ 74.5 ዲግሪ፣ የቀኟ 15.3 ዲግሪ እያሉ በተጣሉበት ቤት ውስጥ ነበሩ። ኤምካስ ውሸታሟን አመነ። ልጆቹ ኤሌክትሪኩን ቆርጠው ጭራውን በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት ክብደቱ አልበገር አላቸው።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አገሮች አንድ በአንድ ማክስን አገዱ፤ አሜሪካ ከኋለኞቹ ነበረች። እስከ ኅዳር 2020 እንደነሱ አቆጣጠር በአሜሪካ ታግዶ ቆየ። ጥር 2021 ኩባንያው ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት እንዳሳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከሁለቱ አንዱ ተከስሶ በ2022 ነጻ ተባለ። እኛም ብንሆን አንድ አብራሪ ብቻውን ይህንን ሁሉ ሠራ ብለን አናምንም። ስንት ወረቀት፣ ስንት ፊርማ አለበት! እያንዳንዱ ፈራሚ የፈረመው በቁራጩ ላይ ነው። አንዱ ስለ ዲግሪው፣ አንዱ ስለ ክንፏ፣ አንዱ ስለ መመሪያው መጽሐፍ። ሙሉውን አይቶ «ይህ እኔን ይመለከተኛል» ያለ ከተገኘም ሥልጣን አልነበረውም።

፭

እንግዲህ ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው የሥራው ኃላፊነት ምን እንደሆነ በመጠኑ ይታየናል። በኮሜት፣ የሚፈትን ሰው ፈተናውን ራሱን መፈተን እንዳለበት። በቻሌንጀር፣ የማያሰጋ መሆኑን ማስረዳት ያለበት «ይወንጨፍ» ባዩ እንደሆነ። በቱሉ ፈራ ደግሞ፣ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚሞተው ሰው መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ የማወቅ መብት እንዳለው።

ግን አንድ ጥያቄ እርስ በርሳችን አከራክሮናል፤ ለአንባቢም እናካፍለው። ማክዶናልድ አልፈርምም አለ፤ ሌላ ሰው ፈረመ። ታዲያ እምቢታው ምን ጠቀመ? ሰባቱ ሰዎች አልዳኑም። ከመካከላችን አንዱ «ሥራውን ከማጣት በቀር ምንም አላተረፈም፤ የታዘዘውን ቢፈርም ይሻለው ነበር» ብሎ ተከራከረ። መልስ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብን። ኋላ ግን የታሪኩን ጫፍ አገኘን። ማክዶናልድና ቦይዝጆሊ በመርማሪው ኮሚሽን ፊት ቀርበው ያን ማታ የሆነውን ተናገሩ። እነሱ ባይናገሩ ኖሮ ያ የስልክ ስብሰባ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። አለቆቻቸው ማክዶናልድን ከቦታው ቢያነሡትም መልሰው ሾሙት፤ መገጣጠሚያውን አሻሽሎ እንዲሠራ የተደረገው እሱ ራሱ ነው። መንኮራኩሮች በ1988 እንደገና ሲበሩ በሱ ሥራ ነበር የበረሩት። ስለዚህ እምቢታ ዛሬን ባያድን ነገን ሊያድን ይችላል፤ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ንጹሕ ምስክር ያተርፋልና። የተከራከረን ጓደኛችን ግማሽ በግማሽ ተስማምቷል።

እኛ ሁላችን አይሮፕላን ሠሪ አንሆንም። አንዱ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ይፈርማል፤ አንዱ የሕንፃ ንድፍ ላይ፤ አንዱ የውሃ ጉድጓድ ምርመራ ላይ፤ አንዱ የተማሪ ውጤት ላይ። ፊርማዋ ትንሽ ትመስላለች። አለቃ ቆሞ ይጠብቃል፤ መኪናው ተነሥቷል፤ «ባክህ ፈርምና እንሂድ፣ ሌላው ሁሉ ፈርሟል» ይባላል። በዚያች ሰዓት ቱሉ ፈራ ያለውን እርሻ የሚያስታውስ ሰው ከመካከላችን ቢወጣ ይህን ገጽ የጻፍነው በከንቱ አይሆንም።

አስር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላል ያገራችን ሰው። እኛም እንጨምርበት፤ የለካህበትንም ገመድ ለካው።